የእሑድ ታካሚ

ሠናይት ተክለጻድቅ የአባቷን ሞት ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው። ገና ሳይነጋ ዋጫ ከተማ የተከራየችበት ግቢ በር ተንኳኳ። ስትከፍት ጋሽ ተስፋሁንና እትዬ አስካለማርያም ቆመዋል። ጋሽ ተስፋሁን ቦንጋ የሰፈራቸው እድር ዳኛ ናቸው፤ እትዬ አስካለማርያም ደግሞ ከአባቷ ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚካለሉ ጎረቤት። ሁለቱ አብረው፣ በዚያ ሰዓት፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡበት ሌላ ምክንያት አልነበረም። እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ወዲያው የትናንቱ ማታ ትዝ አላት። አብራት የምትኖረው ነርሷ ኮከብ ስልኳን «አንዴ ልደውልበት» ብላ ወስዳ ሳትመልስላት ቀርታ ነበር። ደመወዝ ሳይደርስ ሥጋ ገዝታ መጥታ ጥብስ ሠርታ፣ «ብዪ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትበዪው» እያለች ስታጎርሳት አመሸች። ሠናይትም ደህና አድርጋ በላች፤ ሳቀችም። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ እንደሚደረግ ታውቃለች። እሷም ለሌላ ሰው እንዲሁ አድርጋ ታውቃለች። በራሷ ላይ ሲደረግ ግን አላወቀችውም።

«ግቡ» አለቻቸው።

«ምን እንግባ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለማርያም፤ ድምፃቸው እዚያው ላይ ተሰበረ።

ጋሽ ተስፋሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትናንት ከቀትር በኋላ ነው አሉ። በረንዳው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ። ልባቸው ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ብዙም አልተንገላቱም።

ሠናይት የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ከዚያ የመጀመሪያውን ነገር ጠየቀች።

«ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር?»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ።

«ምን ጥርስ አመጣሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ እቅፍ አድርገዋት። «አልቅሺ። አሁን አልቅሺ።»

የጥርሱ ነገር እንዲህ ነው።

ጋሽ ተክለጻድቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ሚስታቸው የሞተችው ሠናይት ሕፃን ሳለች ነው፤ ሌላ አላገቡም። ልጃቸው ጥርስ ሕክምና ተምራ ስትመረቅ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላት ጀመር፤ የሥራ ፈቃዱ የሚገኘው ግን ከምረቃ በኋላ ያለውን ፈተና ሲያልፉ ነው። ፈተናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ጽሑፉን አለፈች። ተግባሩን ወደቀች።

የወደቀችበትን ምክንያት ለክፍል ጓደኞቿ አልተናገረችም፤ ያሳፍራል። በአንደኛው ክፍል ውስጥ ታማሚ መስለው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢ ለብሰዋል፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። መንጋጋ ጥርሳቸው እንዲነቀል ይፈልጋሉ። ሠናይት ስለ ሕመሙ ጠየቀች፤ መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ይቀሰቅሳቸው እንደሆነ። መጠጥ ይጠጣሉ ወይ፣ ጫት ይቅማሉ ወይ፣ ያጨሳሉ ወይ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው። ሽበታቸውን አየች። እኚህ ሰው አይጠጡም ብላ ለራሷ መለሰችና አለፈችው። ሽማግሌው ግን የብዙ ዘመን ጠጪ፣ ጉበታቸው የተጎዳ፣ ጥርሳቸው ቢነቀል ደማቸው አልቆም የሚል ታማሚ ሆነው እንዲመልሱ ነበር የተነገራቸው። ካልተጠየቁ አይናገሩም። አልተጠየቁም።

ለአባቷ የነገረቻቸው ከብዙ ማቅማማት በኋላ ነው።

«ይጠጣሉ ወይ ብሎ መጠየቅ አሳፈረሽ?»

«አባባ፣ እንደ እርስዎ ያሉ ሰው እኮ ናቸው።»

«እኔስ ብጠጣ?»

«እርስዎ ደግሞ!»

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። «ሳትጠይቂ ፈረድሽልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ስጽፍ ያልተጠየቀ ሰው ቃል መዝገብ ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ነይ ተቀመጪ። ጠይቂኝ።»

ፈቃዱ እስኪገኝ ዋጫ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች ይመጣሉ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ትጠይቃለች፤ ወደ ውስጥ ትመራቸዋለች። የማንንም አፍ አታይም። ቅዳሜ ከሰዓት ቦንጋ ትሄዳለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷ በረንዳው ላይ፣ መደገፊያው በጠፍር በተወጠረው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ትንሽ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆዩና ሌላ ሰው ሆነው ይገልጡታል።

አንድ እሑድ የሺሺንዳ ነጋዴ ሆኑ። አፋቸውን ከፍተው ሳለ ስልክ «ይደወልላቸዋል»፤ ከነተከፈተ አፋቸው የኮረሪማ ዋጋ ይከራከራሉ፤ «አውልቂው ብያለሁ፣ ወይ ልሂድ፣ መኪና ጥዬ ነው የመጣሁት» ብለው ይቆጧታል። በሌላው እሑድ ጡረታ የወጣ ወታደር ናቸው፤ ጀርባቸው ቀጥ ይላል፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ይህ የግል ጉዳይ ነው» ይላሉ። አንዴ ደግሞ የዋጫ ገበሬ ሆነው፣ በካፊኖኖ ቋንቋ ያደገ ሰው አማርኛ እንደሚናገረው ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሰቡ፣ ሕመሙን ሳይሆን በሬያቸው እንዴት እንደታመመ ነገሯት። ሠናይት ሳቋ እያመለጣት ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይሰልል ነበር።

«ይ… ይጠጣሉ?»

«ምን አልሽኝ? አልሰማሁም።»

«ይጠጣሉ ወይ?»

«ለማነው የምታንሾካሹኪው? እኔ እኮ ጆሮዬ ነው የደከመው፣ ጉሮሮዬ አይደለም። ድገሚው።»

ትደግመዋለች።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ተክለጻድቅ ቆሎ ሲቆረጥሙ በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰበረ። ለመንገደኛም ለጎረቤትም ወሬ አደረጉት። ሆስፒታል እንዲሄዱ ሲነግሯቸው፣ «የጥርስ ሐኪም አለኝ፤ ፈተና ላይ ናት» ይላሉ። ጋሽ ተስፋሁን በእድር ስብሰባ ላይ፣ «ሐኪምዎ እስክታልፍ ጥርሱ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይወድቃል» ብለው አስቀውባቸው ነበር። እሳቸው በቀኝ በኩል ማኘክ ጀመሩ። ትኩስ ነገር ሲጠጡ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ሠናይት ታያለች።

አንድ እሑድ ደፈር ብላ፣ «አባባ፣ ዛሬ ራስዎን ሆነው ይቀመጡ። እስቲ ልየው» አለቻቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሁልጊዜ ሲስቁ እንደሚያደርጉት።

«እኔን ፈቃድሽን ስትይዢ። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ሲቀጣ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ።»

ልትለምናቸው ፈለገች። አባቷን አፍዎን ይክፈቱ ብላ ማስገደድ አልሆነላትም። ተወችው።

እንግዲህ በሩ ላይ የጠየቀችው ይህንን ነበር። በኋላም ሬሳቸውን ያየውን ሐኪም ብቻውን አግኝታ ጠየቀችው። ልባቸው ነው አላት፤ ከጥርሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አመነችው። የተማረችውም ነገር ነው።

ለቅሶው ቤት ሞልቶ ሰነበተ። ድንኳን ተተከለ፤ እድርተኛው ንፍሮና እንጀራ አመላለሰ፤ የድሮ ባለጉዳዮች፣ ጠበቆች፣ ዳኞች ሳይቀሩ መጡ። በረንዳው ላይ ባለው ወንበራቸው ማንም አልተቀመጠም። ድንኳኑ ሲነሣና የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ወደ እድሩ መጋዘን ሲመለስ ግን ቤቱ ዝም አለ። በቦንጋ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ሳይነጋገር ይውላል፤ ሁለት ሰው ካለ ዝም ማለቱም አብሮ መዋል ነው። ሠናይት ብቻዋን ሆነች። ከክሊኒኩ የዕረፍት ፈቃድ ወስዳ አባቷ ቤት ቆየች። ምሳ ስትሠራ እጇ ለሁለት ሰው ይሰፍራል፤ የተረፈውን በማግሥቱ ታሞቀዋለች።

ኮከብ የፈተናውን ቀን በቴሌግራም የላከችላት በዚያ መሀል ነው። ሠናይት ቀኑን አየችው። ተነሥታ ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ገለጠች። የፈተናው ቀን የአባቷ ዐርባ ነበር።

ለዐርባው ፍትሐት ይደረጋል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ ሰው ይበላል። ሠናይት አንድ ልጅ ናት። በር ላይ ቆማ «እግዜር ያጥናሽ» የምትባለው እሷ ናት። ሌላ የለም። ፈተናውን ከተወች ደግሞ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም፤ የካርድ ክፍሏ ወንበር ይጠብቃታል። ማንንም አልጠየቀችም። ጋሽ ተስፋሁን ለዝክሩ ስንት ሰው እንደሚጠራ ሊመክሩ ሲመጡ «እንዳሉት ይሁን» አለች። እትዬ አስካለማርያም ጌሾ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አብራ ገለበጠች። ለፈተናው ግን በስልኳ ተመዘገበች። ሁለቱንም ይዛ ዝም አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ላይ ወጣች። ወንበሩ እንደነበረ ነው፤ ጠፍሩ መሀሉ ላይ ረግቧል። ፊት ለፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ስምዎን ይነግሩኛል?» አለች።

መልስ እንደ ሰማች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

«የትኛው ጥርስ ነው? መቼ ጀመረዎት? ይጠጣሉ?» ድምፅዋ ሰለለ። ደገመችው። «ይጠጣሉ ወይ? ጫት ይቅማሉ? ያጨሳሉ?»

አጥሩ ተንቀሳቀሰ። እትዬ አስካለማርያም በአጥሩ ክፍተት በኩል፣ ከእጃቸው ላይ ሊጥ እየጠረጉ፣ እየተቻኮሉ ገቡ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከማንም፣ እትዬ።»

«ሰማሁ እኮ። ልጄ፣ የሞተ ሰው ይህ አይባልም። ይጠጣሉ ትያቸዋለሽ? ተክለጻድቅን? ጠበል ላስወስድሽ?»

«ፈተና ነው፣ እትዬ። እየተለማመድኩ ነው።»

«የምን ፈተና?»

ነገረቻቸው። የወደቀችበትን ሽማግሌ፣ የእሑዶቹን ታካሚዎች፣ ነጋዴውን፣ ወታደሩን። እትዬ አስካለማርያም በአጥሩ በኩል አባትና ልጅ ሲሳሳቁ ይሰሙ ነበር፤ ምን እንደሚሠሩ ግን ዛሬ ገና ገባቸው።

«መቼ ነው ፈተናው?»

ሠናይት መሬት መሬት አየች።

«መቼ ነው የምልሽ?»

«በዐርባው ቀን።»

እትዬ አስካለማርያም ሳያስቡት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ተክለጻድቅ ከሞቱ ወዲህ የተቀመጠበት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ጠፍሩ ጮኸ።

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«ሰው ምን ይላል ብለሽ ነዋ።»

«አይልም?»

«ይላል እንጂ። ስድስት ዓመት አስተምሯት የአባቷን ዐርባ ጥላ ሄደች ይላል። እኔም የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን እለው ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ፍትሐቱን እኔ አስደርጋለሁ። በር ላይ እኔና ተስፋሁን እንቆማለን። አንቺ ጠዋት የአባትሽን ክርስትና ስም በልብሽ ጠርተሽ ግቢ። አሁን ጠይቂኝ።»

«ምን?»

«ያንን የምትጠይቂውን። ተቀምጫለሁ እኮ።»

ሠናይት በርጩማዋን አስጠጋች። «እትዬ፣ ይጠጣሉ?»

«ምን አልሽኝ?» ቀና አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ ትዝ አላቸው። «ጠላ። ማኅበር ላይ።»

«ስንት ብርጭቆ?»

«ብርጭቆ? እኛ በጣሳ ነው።»

«ስንት ጣሳ?»

«አንቺ! ተክለጻድቅ ይህን ነው ያስተማረሽ?» አሉና፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ረጅም አልነበረም።

ፈተናው ወደሚሰጥበት ወደ ጅማ የሄደችው ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ነው። ሚኒባሱ ወደ ጎጀብ ሲወርድ ሙቀቱ ከመስኮት ገባ፤ ወንዙን ተሻግሮ ሲወጣ እንደገና ቀዘቀዘ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ጥቁር ልብሷን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ ምንም አልጠየቀቻትም። አልጋ ያዘች። እራት የበላችው አንድ ቤት ጥግ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ሰው አየኝ ብላ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ ወንበር እንዳይታያት ነው።

ጠዋት ጥቁር ቀሚሷ ላይ ነጭ ጋውን ደረበች። ቦንጋ ላይ በዚያ ሰዓት ፍትሐቱ ተጀምሯል። እንደተነገራት የአባቷን ክርስትና ስም በልቧ ጠራች፤ ወደ ፈተናው ገባች።

ሽማግሌው በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ። የፊተኛው ሰውዬ አይደሉም፤ እኚህ ቀጠን ያሉ፣ ሹራብ የለበሱ ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ፈታኙ ጥግ ላይ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል። ሠናይት ሰላምታ ሰጠች፣ ስሟን ተናገረች፣ ስለ ሕመማቸው ጠየቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። ሽበታቸውን አየች።

«መጠጥ ይጠጣሉ?» አለች። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

«ቅዳሜና እሑድ።»

«በሌሎቹ ቀናትስ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በሌሎቹም» አሉ።

«ያጨሳሉ?»

«ትቻለሁ።»

«መቼ ተዉት?»

«…ትናንት።»

ፈታኙ ከንፈሩን ነከሰ። ሠናይት አልሳቀችም፤ አባቷም እንዲህ ሲያደርጉባት ነበር። ጫት ጠየቀች፣ መድኃኒት ጠየቀች፣ ከዚህ በፊት ጥርስ ሲነቀሉ ደም አልቆም ብሏቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ያውቃል አሉ። እንግዲያው ዛሬ እንደማይነቀል፣ መጀመሪያ ምርመራ እንደሚያስፈልግ አስረዳቻቸው። ከዚያ አገጫቸውን በጣቷ ደግፋ፣ «አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች። ከፈቱ። በግራ በኩል፣ ታች፣ መንጋጋ ጥርስ አልነበረም፤ ድዱ ድኖ ለስልሷል። ቀድሞ የተነቀለ ነው። ከሚገባው ትንሽ በልጦ አየችው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ደወል ተደወለ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሲያነሡ የጥቁር ቀሚሷ አንገት ከጋውኑ ላይ ወጥቶ አዩት። ማውራት አልነበረባቸውም። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባቴ። ዛሬ ዐርባቸው ነው።»

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ለዐርባው የተባለላት «እግዜር ያጥናሽ» ይቺ አንዲቷ ናት። ቦንጋ ስትመለስ ዝክሩ አልቆ ድስት ሁሉ ታጥቦ ተደፍቷል። እትዬ አስካለማርያም ድርሻዋን በመሶብ አስቀምጠው ጠበቋት። ሰው ምን አለ ብላ አልጠየቀቻቸውም። ማግሥቱን ቦኖ ውሃ ጋ ስትደርስ ሁለት ሴቶች ወሬ አቋረጡ፤ በቃ ይኸው ነው።

ውጤቱ የመጣው ወደ ዋጫ ከተመለሰች በኋላ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ሰው ተሰልፎ ሳለ ነው። ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር አየች። አልፋለች። ቀና ስትል ከመስኮቱ ማዶ አንዲት እናት ጉንጯን ይዛ ቆማለች።

«ስም?» አለቻት ሠናይት። ሴትዮዋ ስሟን ነገረቻት። ጻፈች። ዕድሜዋን ጠየቀች። ማለፏን ወዲያው የምትነግረው ሰው አልነበረም፤ ማታ ለኮከብ ነገረቻት፤ ኮከብ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጥቁሩን ልብስ አይታ መልሳ ዘጋችው።

አሁን ሠናይት ቦንጋ ውስጥ ትሠራለች። በአባቷ ቤት ትኖራለች። ዕድሜው የገፋ ሰው ሲመጣ ሁሉንም ትጠይቃለች፤ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ ሁሉም ይመልሳል።

አንድ ቀን ወፍራም ሰውዬ ገብተው ወንበሩ ላይ ጋደም አሉ። ከሺሺንዳ ነው የመጡት። መርፌውን ስታነሣ ስልካቸው ጮኸ፤ ከነተከፈተ አፋቸው ስለ ኮረሪማ ዋጋ ይጨቃጨቁ ጀመር። ሲጨርሱ፣ «ቶሎ አውልቂው፣ መኪና ጥዬ ነው የመጣሁት» አሏት። ሠናይት መርፌውን መልሳ አስቀመጠች። ይህን ነጋዴ አባቷ ከራሳቸው የፈጠሩት ይመስላት ነበር።

«ተክለጻድቅ የሚባሉ ሬጅስትራር ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

«እንዴ! የመሬት ክርክሬን ቃል የጻፉልኝ እሳቸው እኮ ናቸው። ዝም ብለው ነበር የሚያዩኝ። ደህና ናቸው?»

«ሞቱ።»

ሰውዬው ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጥርሳቸው እስኪነቀል ድረስ ደጋግሞ ቢጮህም አላወጡትም።

ወታደሩም መጥተዋል፤ «የግል ጉዳይ ነው» ብለው ነበር፣ በመጨረሻ ግን መለሱላት። የዋጫው ገበሬ ገና አልመጡም፤ ይመጡ ይሆናል። ወንበሩ በረንዳው ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ እትዬ አስካለማርያም ይቀመጡበታል። ፈቃዷ በመስተዋት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የአባቷ የግራ የታች መንጋጋ ጥርስ ግን አልተነቀለም።